ጉሬዛ እያለ ጎሪላ ለምን የለንም?

ጥያቄውን የላኩልኝ በሰበታ የ4ኛ ክፍል መምህርት ናቸው። «ተማሪዎቼን ይዤ መናገሻ ሱባ ደን ሄጄ ነበር» ይላሉ። «ዛፍ ላይ ጉሬዛ አየንና ሁሉም ተንጫጩ። አንዱ ልጅ ግን ‹ቲቸር፣ ይሄ የጎሪላ ልጅ ነው? አባቱስ የት አለ?› አለኝ። ስሙ ተመሳስሎበት ነው ብዬ አስረዳሁት። ከዚያ ምን ይለኛል? ‹ተራራ አለን፣ ደን አለን፣ ጉሬዛም አለን። ታዲያ ጎሪላ ለምን የለንም?› መልስ አጣሁ። ‹ጠይቄ እነግርሃለሁ› ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ።»

መምህርት፣ ይህ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። እኔ ራሴ የጠየቅሁት የዱር እንስሳት ትምህርት ጨርሼ፣ ሥራ ይዤ፣ ስንት ዓመት ከቆየሁ በኋላ ነው። ልጁ በ4ኛ ክፍል ጠየቀው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብመልስልዎ አይፍረዱብኝ።

የስሙን ነገር ቶሎ እንለፈው። ጉሬዛ ረጅም ጭራ አለው፤ ጫፉ ነጭ ነው። ክብደቱ 10 ኪሎ አካባቢ ነው። ኑሮው ዛፍ ላይ ነው። ጎሪላ ጭራ የሚባል ነገር የለውም። ትልቁ ወንድ ከ160 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሴቷ የእሱን ግማሽ ያህል ናት። በዝምድናም ቢሆን ጎሪላ ለጉሬዛ ከሚቀርበው ይልቅ ለእኔና ለእርስዎ ይቀርባል። ይህን ለልጆቹ ሲነግሯቸው ክፍሉ ይደበላለቅ ይሆናል። ግን ይንገሯቸው።

«ተራራ አለን፣ ደን አለን» ያለው ላይ ግን ልቆይ። ልጁ ከሚያስበው በላይ ልክ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥልጠና ሩዋንዳ ሄጄ ነበር። በቪሩንጋ ተራሮች ግርጌ ድንች የተዘራበትን ማሳ አቋርጠን፣ አንድ የድንጋይ ካብ ተሻግረን ደኑ ውስጥ ገባን። መጀመሪያ ያገኘነው ቀርከሃ ነው። እንጅባራና ማሻ ላይ የሚበቅለው የደጋ ቀርከሃ፣ ያው ራሱ ዝርያ። ሽቅብ ወጣን። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ከዚያ ቀና ስል አንድ ዛፍ አየሁና ባለሁበት ቆምኩ። መንገድ መሪው የደከመኝ መስሎት ውኃ አቀበለኝ። አልደከመኝም። ያየሁት ኮሶ ነው! አያቶቻችን ለኮሶ ትል የሚጠጡት፣ ሳይንሳዊ ስሙ ላይ «አቢሲኒካ» የሚል የሀገራችንን ስም የያዘው ኮሶ። ቅርንጫፉ ላይ የዛፍ ሽበት ተንዠርጎበት፣ ጉም ውስጥ ቆሟል። አጠገቡ አሚጃ አለ፤ ቢጫ አበባው ፈክቷል። መናገሻ ደንን ሽቅብ ወደ ወጨጫ ሲወጡ የሚያገኟቸው እነዚያው ዛፎች ናቸው።

ከፍታውም ይቀራረባል። የመናገሻ ደን ከ2,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ 3,300 ያልፋል። የቪሩንጋ ጎሪላዎችም ከ2,200 ሜትር በላይ ባለው ተዳፋት ነው የሚኖሩት። ብርዱ ብርድ ነው፤ ፀጉራቸው የረዘመውም ለዚያ ነው። ስለዚህ ያን ልጅ ወስደው ቪሩንጋ ላይ ቢያስቀምጡት ዛፎቹን በስማቸው ሊጠራ ይችላል።

ታዲያ ልዩነቱ ምንድነው? ከዛፉ ሥር ያለው መሬት ነው።

ቪሩንጋ ላይ መሬቱ አይታይም። ሳማው፣ ኮሸሽላው፣ ተንጠልጣዩ ሐረግ፣ ውኃ ያዘለው አገዳ ሁሉ ተደራርቦ ወገብ ድረስ ይደርሳል። ዝናቡ የሚቀንስባቸው ወራት አሉ፤ ጉሙና እርጥበቱ ግን አረንጓዴውን አያስጥሉትም። እርስዎ ተማሪዎቹን በየትኛው ወር እንደወሰዷቸው አልነገሩኝም። ጥር ላይ ከሆነ ግን መልሱን በጫማቸው ረግጠውታል። የእኛ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። ከኅዳር በኋላ የመናገሻ ዛፎች አረንጓዴ እንደሆኑ ይቆያሉ፤ ከሥራቸው ያለው ቅጠል ግን ይጠወልጋል፣ ይደርቃል። ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል።

የተራራ ጎሪላ ኑሮው ደግሞ ያ መሬት ላይ ነው። ዛፍ ላይ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው። ፍራፍሬም ብዙ አያገኝም። ምግቡ ቅጠል፣ አገዳና ልጥ ነው። አንድ ትልቅ ወንድ በቀን 20 ኪሎ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይበላል። 20 ኪሎ ስንት እስር ጎመን እንደሚሆን ልጆቹን ያስሰሏቸው። ያውም በየቀኑ፣ ዓመቱን ሙሉ። ውኃም ቢሆን ወንዝ ወርዶ የሚጠጣው ከስንት አንዴ ነው። ከቅጠሉ ጋር ይበላዋል ማለት ይቻላል።

አበላሉን በቅርብ አይቻለሁ። ያን ቀን ከፊቴ 7 ሜትር ያህል ርቃ አንዲት እናት ተቀምጣ ነበር። ከፊቷ ሳማ አለ፤ የእኛው ሳማ ዘመድ ነው፤ አለበላለቡም ከእኛው አይተናነስም። በልጅነቴ እናቴ ለወጥ ሳማ ስትለቅም እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ነበር። ጎሪላዋ ጨርቅ የላትም። የሳማውን አገዳ ከሥሩ ያዘች። በሌላው እጇ ከታች ወደ ላይ ሞሸለቀችው። ቅጠሉ በሙሉ መዳፏ ውስጥ ቀረ። ከቅጠሉ ጋር የወጣውን ጠንካራ ዘንግ ጠምዝዛ ቆርጣ ጣለች። የቀረውን እስር አጠፈችው፤ የሚለበልበው ጎን ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ እንደ ጉርሻ ጎረሰችው። ከንፈሯን አልነካትም። ግልገሏ ጭኗ ላይ ሆኖ ዓይኑን ከእጇ ላይ አልነቀለም። እሷ ግን እኛን ዞር ብላም አላየችንም።

ይህን ሁሉ ቅጠል የሚፈጨው ሆዷ ነው። ጎሪላ ስናይ «ቦርጩ!» እንላለን። ቦርጭ አይደለም። ረጅምና ሰፊ አንጀት ነው፤ ቅጠሉ እዚያ ውስጥ ቀስ እያለ ይብላላል። ለዚህም ነው ረፋዱን ሲበሉ ቆይተው ቀትር ላይ የሚጋደሙት። ትልልቆቹ ያንቀላፋሉ፤ ልጆቹ ትልቁ ወንድ ላይ እየወጡ ይንሸራተታሉ። ትልቁ ወንድ ራስ ላይ እንደ ጉብታ ከፍ ያለው ደግሞ የአጥንት ሸንተረር ነው። የመንጋጋው ጡንቻ የሚያያዘው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ጉሬዛውን ያስታውሱ። እሱም ቅጠል በል ነው። ግን ቀላል ነው፤ ዛፍ ጫፍ ላይ ይወጣል። በጋ ሲመጣ አረንጓዴው የሚቀረው እዚያ ነው። ደብረ ሊባኖስ አካባቢ ያሉት ጭላዳዎች ደግሞ ሣር ይበላሉ፤ ሣሩ ሲደርቅ መሬቱን ቆፍረው ሥሩን ያወጣሉ። ሁለቱም የእኛን በጋ የሚያልፉበት ዘዴ አላቸው። ጎሪላ ይህን አልተማረም፤ ምክንያቱም ባደገበት ደን እንዲህ ያለ በጋ የለም። 160 ኪሎ ይዞ እንደ ጉሬዛ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ አይቀመጥም። መሬቱን ቆፍሮ በሥር አይኖርም። ጥር ላይ መናገሻ ቢያገኙት ርቦት ነው የሚያገኙት።

ጎበዝ ተማሪ ግን እዚህ ላይ እጁን ያወጣል። «ቲቸር፣ ካፋና ሸካ እኮ ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል ማለት ይቻላል። እዚያስ ለምን የለም?» ትክክል ነው። እዚያ ደን ምግብ ላይቸግረው ይችል ነበር። የቸገረው መንገድ ነው። ጎሪላ የኮንጎ ተፋሰስ ደንና የዳርቻው ተራሮች ልጅ ነው። ዛሬ የሚገኙት በምዕራብ በኩል ከናይጄሪያና ካሜሩን እስከ ጋቦንና ኮንጎ፣ በምሥራቅ ደግሞ በዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ በሩዋንዳና በኡጋንዳ ነው። ከዚያ እስከ ካፋ ድረስ ያለውን መሬት በካርታ ያሳዩአቸው። የደቡብ ሱዳን ሣር ምድርና ረግረግ አለ። የቱርካና በረሃ አለ። የተራራ ጎሪላ በቀን ከ1 ኪሎ ሜትር ብዙም አይጓዝም፤ ምግቡ እግሩ ሥር ስለሆነ ሩቅ መሄድ አይፈልግም። አይዋኝም። አንዲት እናት በ4 ዓመት አንዴ ገደማ ነው የምትወልደው። እንዲህ ያለ እንስሳ በረሃ አቋርጦ አዲስ ሀገር አያቀናም።

ይሁን እንጂ «ኢትዮጵያ ውስጥ ጎሪላ ኖሮ አያውቅም» ብለው እንዳይመልሱለት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው።

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ፣ በአፋር ስምጥ ሸለቆ ደቡባዊ ጠርዝ፣ ጮሮራ የሚባል ቦታ አለ። የኢትዮጵያና የጃፓን ተመራማሪዎች እዚያ 9 ጥርሶች አገኙ። ከተመራማሪዎቹ መካከል ገን ሱዋ፣ ብርሃኔ አስፋውና ዮናስ በየነ ይገኙበታል። ግኝቱን ይፋ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ለባለጥርሱ ፍጡር «ቾሮራፒቴከስ አቢሲኒከስ» የሚል ስም ሰጡት። ጥርሶቹ በመጠናቸው የጎሪላን ያክላሉ። የመንጋጋ ጥርሶቹ አሠራር ደግሞ ጠንካራ ቅጠልና አገዳ መቁረጥ የጀመረ እንስሳ መሆኑን ይጠቁማል። ዕድሜያቸው መጀመሪያ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የአለቱን ዕድሜ እንደገና ሲለኩ 8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ።

አግኚዎቹ ይህ ፍጡር የጎሪላ የዘር ሐረግ መጀመሪያ ላይ ያለ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ሌሎች ሳይንቲስቶች ጥርስ ብቻ አይበቃም ብለው ይከራከራሉ። እኔ በግሌ የአግኚዎቹ ሐሳብ ያመዝንብኛል፤ ለተማሪ ሲነገር ግን ክርክሩም አብሮ ቢነገር ይሻላል። ያኔ የጮሮራ አካባቢ እንደዛሬው ደረቅ አልነበረም፤ ውኃና ዛፍ ነበረው። ስለዚህ ልጁ «ጎሪላ ለምን የለንም?» ሲል «የጎሪላ ቅድመ አያት ሳይኖረን አልቀረም፤ ደኑ ሲሄድ እሱም የጠፋ ይመስላል» ማለት ይችላሉ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ሰው ይበላል ወይ? አይበላም። ሥጋ አይቀምስም፤ ቢበዛ ጉንዳን ይለቅማል። ደረቱን ሲደልቅ በቪዲዮ አይተው ፈርተውት ይሆናል። ይህን እዚያው ክፍል ውስጥ ያስሞክሯቸው። መጀመሪያ በጡጫ ደረታቸውን ይምቱ፤ ድፍን ያለ ድምፅ ነው። ቀጥሎ መዳፋቸውን እንደ ኩባያ ጎድጎድ አድርገው ይምቱ። ድምፁ ይከፈታል። ጎሪላ የሚመታው እንደዚያ፣ በመዳፉ ነው፤ በጡጫ አይደለም። ድምፁ እስከ 1 ኪሎ ሜትር ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ ሰውነቱ የገዘፈው ወንድ ድምፁም ወፍራም እንደሆነ አሳይቷል። ማለትም ሌላው ወንድ በሩቁ ሰምቶ «ይሄስ ከኔ ይበልጣል» ብሎ መንገድ ይቀይራል። ድለቃው ብዙውን ጊዜ ጠብን የሚያስቀር ነው።

የቤተሰቡ አለቃ ያ ትልቁ ወንድ ነው። ከ12 ዓመት ገደማ ጀምሮ ጀርባው ይሸብታል። ብዙ ሰው በእንግሊዝኛ ስሙ «ሲልቨርባክ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ እኔ «ሸበቶው» እለዋለሁ። መቼ እንደሚበላ፣ ወዴት እንደሚኬድ፣ የት እንደሚታደር የሚወስነው እሱ ነው። ሁለት ልጆች ሲጣሉ አንዴ ጉሮሮውን ሲያሰማ ሁሉም ጸጥ ይላል። ልጆች ስለሚሰሙት አላሳምረውም፤ ሸበቶው ሲሞት ቤቱ ሊፈርስ ይችላል። ሌላ ወንድ መጥቶ ጡት የሚጠቡትን ግልገሎች የሚገድልበት ጊዜ አለ። እናትየው ጡት ካቋረጠች ቶሎ ስለምታረግዝ ነው። መራር ነው፤ እውነት ግን ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ይህ አለ። በሩዋንዳ ከ50 ዓመት በላይ የተመዘገበ መረጃ ያጠኑ ሰዎች እናታቸው የሞተችባቸውን ጎሪላዎች ተከታተሉ። እንደጠበቁት ተጎድተው አላገኟቸውም። ቤተሰቡ ይሰበሰብላቸዋል። በተለይ ሸበቶው ያስጠጋቸዋል፤ ማታ የሱ ጎጆ ውስጥ ያድራሉ። ይህን ባነበብኩ ቀን እኛ ሰፈር እናቱ ሞታበት ጎረቤት ያሳደገው አንድ ልጅ ትዝ አለኝ።

ጎጆ ስል የምሬን ነው። ጎሪላ በየምሽቱ አዲስ መኝታ ይሠራል። ቁጭ ይልና ዙሪያውን ያለውን ቅጠልና ቅርንጫፍ ወደ ራሱ ይጎትታል፤ ያጥፈዋል፤ በላዩ ይቀመጥበታል። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጅበት። ግልገል ከእናቱ ጋር ይተኛል። ጠዋት ትተውት ይሄዳሉ። ቆጠራ የሚካሄደውም በዚህ ነው። ቆጣሪዎች ጎጆዎቹን ይከተላሉ፤ በየጎጆው የተገኘውን ፋንድያ ወስደው በዘር ምርመራ ማን ማን እንደሆነ ይለያሉ።

ቆጠራው ምን እንዳለ ይስሙ። እ.ኤ.አ. በ1981 ቪሩንጋ ላይ የቀሩት 254 ብቻ ነበሩ። ደኑ ተመንጥሮ እርሻ ሆኗል። ለሚዳቋ የተጠመደው ወጥመድ የጎሪላ እጅና እግር ይቆርጣል። አሜሪካዊቷ ዳያን ፎሲ እ.ኤ.አ. በ1967 ካሪሶኬ የምርምር ጣቢያን ያቋቋመችው እዚያው ኮሶውና አሚጃው መካከል ነው። ዲጂት ብላ የሰየመችውን ወጣት ወንድ አዳኞች በ1977 መጨረሻ ገደሉት። እሷም በ1985 በዚያው ጣቢያ ተገደለች። ያኔ ብዙዎች የተራራ ጎሪላ 2000ን አያይም ብለው ነበር።

አየ። ቪሩንጋ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 በተጠናቀቀው ቆጠራ 604 ሆኑ። በኡጋንዳ ብዊንዲና በአጠገቡ ባለው ደን ደግሞ 459 ተቆጠሩ። በድምሩ 1,063። ከሞት አፋፍ ተመልሰው ቁጥራቸው የጨመረ ትልልቅ እንስሳት ብዙ አይደሉም። ይህ ዝም ብሎ አልመጣም። በየቀኑ እግር በእግር የሚከተሏቸው ጠባቂዎች አሉ፤ በኮንጎው ቪሩንጋ ፓርክ ብቻ ባለፉት አሥርት ዓመታት ከ200 በላይ ጠባቂዎች ተገድለዋል። ወጥመድ የያዘውን ጎሪላ ደን ውስጥ የሚያክሙ ሐኪሞች አሉ። ሩዋንዳ ለአንድ ሰዓት ጉብኝት 1,500 ዶላር ታስከፍላለች፤ ከቱሪዝም ገቢው 10 በመቶው በፓርኮቹ ዙሪያ ለሚኖሩት ገበሬዎች ይሄዳል። ድንች የሚያመርተው ሰው ትምህርት ቤት ሲሠራለት ደኑን በሌላ ዓይን ያየዋል። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄኛው ነው። በናይጄሪያና በካሜሩን ድንበር ያሉት ጎሪላዎች ግን አሁንም ከ300 በታች ናቸው።

ዛሬ የሚያሰጋቸው ነገር በሽታ ነው። የእኛ ጉንፋን ይዟቸው የሳንባ ምች ሊሆንባቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 ኢቦላ በኮንጎ ሪፐብሊክ በሺዎች የሚቆጠሩ የቆላ ጎሪላዎችን ፈጅቷል። ጎብኚ ጭምብል አድርጎ፣ ራቅ ብሎ የሚቆመው ለዚህ ነው። ይህ ለመናገሻም ይሠራል። ልጆቹ በሚቀጥለው ጊዜ ለጦጣ የበሉበትን ሙዝ ወይም ብስኩት እንዳይወረውሩ አደራ።

አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ከተቻለ ያንኑ ክፍል ሁለት ጊዜ ይውሰዱት። አንዴ በመስከረም መጨረሻ፣ አንዴ በየካቲት። አንድ የኮሶ ዛፍ ይምረጡና ከሥሩ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር መሬት በገመድ ይከልሉ። በሁለቱም ጊዜ ውስጡ ያለውን አረንጓዴ ይቁጠሩ፤ ሳማ ካለ እንዳይነኩት። ከዚያ ቀና ብለው ጉሬዛው ምን እየበላ እንደሆነ ይዩ። ጠያቂው ልጅ ደብተሩን ይዞ ፊት ይቁም። ያገኘውን ቢልኩልኝ ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል።